«ምን ትላላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ለምን ዝም ይላሉ?

(ለዜግነትና ለማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

ክቡራን መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ የሥልጠናው አስተባባሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያልታረመ የፈተና ወረቀት ቤት ተቆልሎ ይጠብቃችኋል። እንደዚያም ሆኖ መጥታችኋልና ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ለክፍላችሁ የቴሌግራም ግሩፕ የከፈታችሁ እስኪ እጃችሁን አውጡልኝ። … አብዛኞቻችሁ ናችሁ። ጥሩ። አሁን ደግሞ፣ በዚያ ግሩፕ ውስጥ ባለፈው አንድ ወር ተማሪዎቻችሁ ስለ አንድ አዋጅ፣ ስለ አንድ መመሪያ፣ ስለ አንድ የመንግሥት ውሳኔ እርስ በርሳቸው የተከራከሩላችሁ እጃችሁን አውጡ። … እጆቹ ወረዱ። ታዲያ ግሩፑ ምን ሆነ? የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ። «ነገ ቴስት አለ»፣ «ኖቱ ይኸውላችሁ»፣ «መልካም በዓል»።

ለዚህ ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «የዘንድሮ ልጅ ከቲክቶክ ሌላ የሚያሳስበው የለም» የሚል ነው። አልቀበለውም። እናቷ በቤት ኪራይ ጭማሪ እንቅልፍ ያጣችባት ልጅ ስለ ቤት ኪራይ ግድ የላትም? የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ የተደቀነበት ልጅ ስለ ፈተና አሰጣጥ ግድ የለውም? ግድ አለው! በትምህርት ግሩፓችን ዝም ያለው ልጅ ማታ በኮሜንት ሥር ሲከራከር ያመሻል። ዝም የሚያሰኘው የእኛ አጠያየቅ ነው። ከሁለት ወገን ነው ዝም የምናሰኘው፦ ለፍርሃቱ መልስ ሳንሰጥ እንጠይቀዋለን፤ ስንጠይቀው ደግሞ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ እንጠይቀዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው የጥያቄ አወጣጥ ነው፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛው ግሩፑ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚበላሸው ነገር ነው።

አንደኛ፤ ፍርሃት።

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለውን ሳይሰማ ያደገ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? የለም። ተማሪዎቻችንም ከቤት ሲወጡ ይህንኑ ሰምተው ነው የሚመጡት። ወላጆቻቸው ይህን የሚሉት ካዩት ተነሥተው ነውና ፍርሃቱን አንናቅ። በዚያ ላይ ክፍል ውስጥ የተነገረ ቃል ደወሉ ሲደወል አብሮ ይወጣል፤ ግሩፕ ላይ የተጻፈ ቃል ግን ይቀራል። ስክሪንሹት ይሆናል፣ ወደ ሌላ ግሩፕ ይላካል፣ ከዓመት በኋላ ይመዘዛል። ተማሪው ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ግሩፑ በተከፈተ ቀን ሁለት አንቀጾች ጽፋችሁ ፒን አድርጉ። ሁለቱም ከሕገ መንግሥቱ ናቸው። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ነው፤ ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙ ሰው የማያነሣው አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተማሪው ይህን ሲያነብ፣ ስለ ፖሊሲ መናገር ራሱ በሕግ የተጻፈለት መብት መሆኑን ያያል። ከዚያ ወሰኑንም አሳዩት። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ይህን የምንነግራቸው ለማስፈራራት አይደለም። ወሰኑ የት እንደሆነ ያላወቀ ሰው ከወሰኑ ኪሎ ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ያወቀ ግን በውስጡ በነፃነት ይንቀሳቀሳል።

ቀጥሎ የስልኩን ነገር። ይህን እባካችሁ ጻፉት። አንደኛ፣ ግሩፑ በሊንክ ለሁሉም ክፍት አይሁን፤ ዝግ ይሁን፣ አባላቱም ስማቸው የሚታወቅ ተማሪዎች ብቻ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ አዲስ የሚገባ ሰው የቆየውን መልእክት እንዳያይ ዝጉት። ሦስተኛ፣ በግሩፑ ሴቲንግ ውስጥ ፎርዋርድ ማድረግንና ኮፒ ማድረግን የሚከለክለውን ክፈቱ። ግን ለተማሪዎቹ እውነቱን ንገሯቸው፦ ይህ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣትን አይከለክልም። «እዚህ የተጻፈ የትም አይሄድም» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

አራተኛውን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ነው። ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ በጽሑፍ ስትሆን ጥሩ ትጽፋለች፤ የጽሑፍ ውይይት አንዱ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ግን ምን ይሆናል? አንድ ጥሩ ሐሳብ በጻፈች በአንድ ሰዓት ውስጥ ኢንቦክስዋ በማይመለከተው መልእክት ይሞላል። «ስልክሽን አገኘሁ» የሚል ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት አትጽፍም። እኛ ደግሞ «ሴቶቹ አይሳተፉም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን! ስለዚህ ውይይቱ ሳይጀመር፣ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ አብሯችሁ ያድርገው፦ ቴሌግራም፣ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ፎን ነምበር፣ ከዚያ «ኖባዲ»። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ግን የአባላቱ ስልክ ቁጥር ይታያል፤ ለዚህ ሥራ ቴሌግራምን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከውይይቱ ጋር ያልተያያዘ የኢንቦክስ መልእክት ክልክል መሆኑንም በመጀመሪያው ቀን በሕግ መልክ ጻፉት።

ሁለተኛ፤ ጥያቄው።

ከዚህ በኋላ ከእኔ ጋር ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

አንድ መምህር እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ሰላም ተማሪዎች፣ ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ምን ትላላችሁ?» ስልሳ ተማሪ ያነበዋል። ምን ይመልሳል? አዋጁን አላነበበም። ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «ጥሩ ነው» ቢል ካድሬ ሊባል፣ «መጥፎ ነው» ቢል ተቃዋሚ ሊባል ነው። ጥያቄው ሳያስበው ወገን እንዲመርጥ ጠየቀው! ስለዚህ ዝም ይላል። ሁለት ሰው «ጥሩ ነው ቲቸር» ይላል፣ አንዱ አውራ ጣት ይለጥፋል፣ አለቀ።

አሁን ያንኑ ጉዳይ በሌላ መንገድ እንየው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ከውስጡ ሦስት ነገር ብቻ እንውሰድ፦ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። አዋጁን በፒዲኤፍ አትላኩ። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ጊዜ ስካን ተደርጎ ነው የሚገኘው። ፋይሉ ከባድ ነው፣ በትንሽ ስልክ አይነበብም፣ የተማሪውንም ዳታ ይበላል። የምትወያዩበትን ድንጋጌ ራሳችሁ በእጃችሁ ጻፉት። አንድ ተማሪ ሳይሰለች የሚያነበው ከ150 እስከ 200 ቃል ነው።

ከዚያ ጥያቄው፦ «በዚህ ዓመት ተመርቃ ሥራ የጀመረች አንዲት ወጣት አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት እየፈለገች ነው። የሁለት ወሩ የቅድሚያ ክፍያ ገደብ ቤት ማግኘቱን ያቀልላታል ወይስ ያከብድባታል?» አያችሁ? ሰው አለ። ቤት አለ። ገንዘብ አለ። ለመመለስ ካድሬም ተቃዋሚም መሆን አያስፈልግም፤ ማሰብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ሚና ስጧቸው። በስምንት ሰው ምድብ ውስጥ አንዱ ሁለት ሰርቪስ እያከራየች የምትኖር ጡረተኛ ይሁን፣ አንዷ ተከራይ ትሁን፣ አንዱ ደላላ፣ አንዷ የወረዳ ሠራተኛ። ሚና ለተማሪው መጠለያ ነው፤ «እኔ እንዲህ አምናለሁ» ሳይል «አከራይዋ እንዲህ ትላለች» ማለት ይችላል። ፍርሃቱ ግማሹ እዚያ ይወድቃል።

የውይይቱ ክር እንዴት እንደሚሄድ በቅርብ ላሳያችሁ። አከራይዋን የያዘው ተማሪ ይጽፋል፦ «ሁለት ወር ብቻ ተቀብዬ ተከራዩ የመብራቱን ሳይከፍል፣ በሩን ሰብሮ ቢወጣስ?» ተከራይዋ ትመልሳለች፦ «ስድስት ወር በአንዴ ክፈዪ ብትዪኝ ገና የመጀመሪያ ደመወዜን ሳልቀበል ከየት አመጣለሁ?» ይህ የሚጠበቅ ነው። ቀጥሎ ደላላው ይገባል፦ «ተከራይ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አሁን ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ሰው መጣ። የወረዳ ሠራተኛዋ ደግሞ፦ «እናንተ ውስጥ ውስጡን ተስማምታችሁ በጥሬ ገንዘብ ብትከፋፈሉ እኔ በምን አውቃለሁ?» እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የአፈጻጸምን ችግር፣ ማለትም ሕግ ተጽፎ ለምን እንደማይሠራ፣ በራሷ ቃል ተናገረች! በሌክቸር ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ነው።

የመምህሩ ድርሻ እዚህ ጋ አንዲት ጥያቄ መጣል ነው፦ «አከራይዋ በሁለት ዓመት ውል እንደምትያዝ ስላወቀች ገና ከመጀመሪያው ዋጋውን ከፍ አድርጋ ብትጀምርስ?» ከዚህ በላይ አትጨምሩ። መልሱን እናንተ ከተናገራችሁት ውይይቱ እዚያው ይሞታል፤ ቲቸር ከተናገረ በኋላ ማን ይናገራል?

ሌላም አለ። ተማሪው ያለበት ከተማ አዋጁ ሥራ ላይ ያልዋለበት ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ደስ ይበላችሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚህ ከተማ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ማንን ጠይቃችሁ አወቃችሁ?» ይሁን። ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት አይመልስላቸውም። ወረዳ ሄዶ መጠየቅ፣ አንድ ተከራይ ጎረቤት ማነጋገር ይጠይቃል። ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ የሚመጣ መልስ አስቸግሮናል የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። መድኃኒቱ ይሄ ነው፦ መልሱ ከሰፈራቸው ካልሆነ በቀር ከሌላ የማይገኝ ጥያቄ ጠይቁ።

ምን ዓይነት ጉዳይ እንምረጥ? የሚነካቸው፣ ቢያንስ ሁለት ጤናማ ወገን ያለው፣ በብሔር መስመር የማይከፈል፣ ውሳኔውን የሚሰጥ አካል የሚታወቅ። የፌስታል ክልከላው አለ፤ በ2017 የወጣ ነው፣ እያንዳንዱ ሱቅ ይነካዋል። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለበት ውሳኔ አለ። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፣ የግሉ ዘርፍ ግን እስካሁን በሕግ የተወሰነ ወለል የለውም። የቀን ሥራ የሚሠራ ወንድም ያለው ተማሪ ይህን ሲሰማ ዝም አይልም።

የፈተናው ጉዳይ ከሁሉ የሚያነቃቃቸው ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2008 ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ እንደተሰረዘ ታስታውሳላችሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ባዶውን ግሩፕ ላይ ከጣላችሁት «ጥፋቱ የማን ነው?» ወደሚል አተካራ ይሄዳል፤ መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪው መምህሩን። ስለዚህ ከፋፍሉት። «ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱ ኩረጃን ቢቀንስ፣ ከገጠር የመጣ ተማሪ ለዚያ የከፈለው ዋጋ ምንድን ነው? መንገዱ? ማደሪያው? ከቤት ርቆ መፈተኑ?» እንዲህ ሲጠየቅ ክርክሩ ከጥፋተኛ ፍለጋ ይወጣና የፖሊሲ ክርክር ይሆናል።

ስለ ቋንቋ አንድ ቃል። የትምህርት ቋንቋችን እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ ውይይቱን በእንግሊዝኛ ካደረጋችሁት ሦስት ተማሪ ብቻ ይናገራል፤ እነዚያው ሦስቱ! ቤታቸው በሚከራከሩበት ቋንቋ ይከራከሩ። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፍም አለ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ተውት፣ ይናገር። የምድቡ ማጠቃለያ ግን በፊደላችን ይጻፍ።

አባቶቻችን በላ ልበልሃ እያሉ ሲሟገቱ ተሟጋቹ በተናገረው ላይ ማር ወይም በቅሎ ያስይዝ ነበር። በቃልህ ላይ አንድ ነገር ታስይዛለህ ማለት ነው። ለተማሪዎቻችንም እንዲሁ እናድርግ፤ የሚያስይዙት በቅሎ ሳይሆን ማስረጃ ነው። አንድ አንቀጽ፣ አንድ የሰፈር ዋጋ፣ አንድ ያነጋገሩት ሰው። ማስረጃ ያላስያዘ መልስ አይቆጠር።

ሦስተኛ፤ የሚበላሸው።

መጀመሪያ የሚበላሸው ጊዜው ነው። መብራት ይጠፋል፣ ዳታ ያልቃል፣ ስልኩ የወንድም ነው። «ዛሬ ማታ ተወያዩ» አይሠራም። አንድ ጉዳይ አንድ ሳምንት ይሰጠው። ሰኞ ጽሑፉና ጥያቄው ይለጠፋል። እስከ ረቡዕ ማታ እያንዳንዱ የመጀመሪያ መልሱን ይጽፋል፣ ከ80 እስከ 120 ቃል። ሐሙስና ዓርብ ለሁለት ጓደኞቹ ይመልሳል። ቅዳሜ ተራው የደረሰው ተማሪ የምድቡን ማጠቃለያ ይጽፋል። ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ «ማታ 3 ሰዓት፣ በስልካችሁ 9፡00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ ይህን ባለመጻፍ ብቻ ግማሹ ክፍል ያረፍዳል። ድምፅና ቪዲዮ አይላክ፤ ጽሑፍ ዳታ አይበላም። ስልክ የሌለው ተማሪ በወረቀት ይጻፍ፣ ጓደኛው በእሱ ስም ይለጥፍለት። ይህን ልጅ ከውይይቱ አታስቀሩት፤ ኪራዩም ፌስታሉም ከሁሉ በፊት የሚነካው እሱን ነው።

ሁለተኛ የሚበላሸው ብዛቱ ነው። ስልሳ ሰው ባለበት አንድ ሰው ቢደበቅ ማን ያየዋል? ስምንት ባሉበት ግን ክፍተቱ ይታያል። ስለዚህ ክፍሉን ለስምንት ምድብ ከፍላችሁ ለየምድቡ የራሱን ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ።

ሦስተኛ፣ «እስማማለሁ»፣ «ትክክል ብለሻል»። ይህ ጨዋነት ነው፤ አትቆጡ። ሕጉ ግን ይህ ይሁን፦ ምላሽ ሁሉ አንድ አዲስ ነገር ይጨምር፣ ወይ ጥያቄ፣ ወይ ማስረጃ፣ ወይ «ግን»።

አራተኛ፣ ማርክ። በመልእክት ብዛት ማርክ ከሰጣችሁ ብዛት ታገኛላችሁ፤ ጎርፍ! ከአሥር ስጡት፦ ለማስረጃ ሦስት፣ ጓደኛው የጻፈውን በትክክል አንብቦ ለመመለሱ ሦስት፣ ሐሳቡን ላሻሻለበት ወይም ያላሻሻለበትን ምክንያት በግልጽ ለጻፈ ሁለት፣ በጊዜው ለመገኘቱ ሁለት። ለያዘው አቋም ግን ዜሮ ከዜሮ፤ አቋም ማርክ የለውም። ይህን ከፍ ባለ ድምፅ ንገሯቸው፣ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ አያምኑም።

አምስተኛውና ከባዱ ስድብ ነው፤ በተለይ ብሔርን የሚነካ። አንድ ምድብ ሲግል በመጀመሪያ ስሎው ሞድ ክፈቱ፤ እያንዳንዱ በ15 ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ እንዲልክ አድርጉ። ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ሲጠብቅ የሚጽፈው ሌላ ነው። ቃሉ ወሰኑን ካለፈ መልእክቱን አንሡት፣ ነገር ግን በዝምታ አታጥፉት፤ «ይህ መልእክት ሕግ ቁጥር ሁለትን ስለጣሰ ተነሥቷል፣ ሐሳቡን ያለ ስድብ በድጋሚ መጻፍ ይቻላል» ብላችሁ በቦታው ጻፉ። የልጁን ስም አትጥሩ። ከዚያ ለብቻው አነጋግሩትና በዚያው ቀን እንዲመለስ አድርጉ። በዝምታ የተሰረዘ መልእክት «ማን ነው የሰረዘው? ለምን?» ያሰኛል፤ ሌሎቹም ፈርተው ይዘጋሉ።

የመጨረሻው፣ ውይይቱ የትም አለመሄዱ ነው። ተማሪ ሦስት ሳምንት ተወያይቶ ሐሳቡ ግሩፕ ውስጥ ከቀረ አራተኛው ሳምንት አይመጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው «ይህ ለማን ይሄዳል?» የሚለው ይወሰን። ማጠቃለያው አንድ ገጽ ይሁን፦ ጉዳዩ፣ የተስማሙበት፣ ያልተስማሙበት ከነምክንያቱ፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር። ያልተስማሙበትን እንዳታወጡት፤ አንባቢው የሚያምነው እሱን ሲያይ ነው። ለወረዳው ይግባ፣ ረቂቅ ሕግ ከሆነ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች በረቂቆች ላይ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ያካሂዳሉ፤ ለዚያ ይላክ። መልስ መጣም አልመጣም ቀኑን፣ የገባበትን ቢሮና የተባሉትን ለተማሪዎቹ ለጥፉላቸው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። በየጠረጴዛው ስምንት ስምንት ናችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው። የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ግሩፕ ተከፍቷል፣ ሊንኩ ወረቀቱ ላይ አለ። የፌስታሉን ክልከላ ወስዳችሁ ለ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ሰው ያለበት፣ ገንዘብ ያለበት፣ መልሱ ከሰፈሩ ብቻ የሚገኝ። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋን እናት እንዳትረሱ። 20 ደቂቃ አላችሁ። ከዚያ ጥያቄያችሁን ለቀጣዩ ጠረጴዛ ትሰጣላችሁ፣ እነሱም እንደ ተማሪ ሆነው ይመልሱታል። ማን ዝም እንዳለና ጥያቄው የቱ ጋ እንደዘጋው ከሻይ በኋላ አብረን እናያለን።